የሰውን ልጅ የማስታወስ ችሎታ በኮምፒዩተር ማስመሰያ ስለ ማስተማር

(በጎንደር ከተማ ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)





የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በጋበዘኝ ጊዜ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ኤሌክትሪክ መሥመር እንድናገር የጠበቁ ሳይኖሩ አይቀሩም። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ የሰው ልጅ የማስታወስ ችሎታ ነው። መሐንዲስ ስለ አእምሮ ምን አገባው የሚል ጥያቄ ቢነሣ አይፈረድም። አእምሮን መመርመር የሐኪሞችና የሥነ ልቡና ሊቃውንት ሥራ ነው። እነርሱ የደረሱበትን ዕውቀት ለተማሪ በሚታይና በሚዳሰስ መልክ ለማቅረብ ግን ኮምፒዩተር ታላቅ መሣሪያ ይሆናል፤ ይህም ከሙያችን የራቀ አይደለም።

ወደዚህ ርእስ የሳቡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ዛሬ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚገባ የአንደኛ ዓመት ተማሪ አጠቃላይ ሥነ ልቡና የሚባል የጋራ ትምህርት ይወስዳል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ስለ ማስታወስና ስለ መርሳት የሚናገር ምዕራፍ አለ። ተማሪው ይህን ምዕራፍ እንዴት ያጠናዋል? ለፈተናው ዋዜማ ሌሊቱን ሸምድዶ፣ በማግሥቱ ወረቀቱ ላይ አፍስሶ፣ በሳምንቱ ይረሳዋል። ሽምደዳ ለምን እንደማይበረክት የሚያስረዳውን ትምህርት በሽምደዳ ያልፈዋል ማለት ነው። እኔም በተማሪነቴ በየትምህርቱ ያደረግሁት ይህንኑ ስለ ነበረ ማንንም ለመውቀስ አልቃጣም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የከበደ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ እንዳደረገው፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ የመምህራን ኑሮ፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የቋንቋ ችግር፣ ጦርነትም አለበት። ሁሉንም በአጠናን ዘዴ ላይ ማላከክ ትክክል አይሆንም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ተማሪው በራሱ እጅ፣ ያለ ምንም ወጪ ሊለውጠው የሚችለው የአጠናኑን ዘዴ ነው። ይህንም የሚለውጠው አእምሮው እንዴት እንደሚይዝና እንዴት እንደሚረሳ በርግጥ ሲገባው ነው።

ማኅደር የሚለው ቃል

እኛ የኮምፒዩተሩን ሜሞሪ በአማርኛ “ማኅደረ ትውስታ” እንለዋለን። ማኅደር በአባቶቻችን ዘንድ የብራና መጽሐፍ የሚከተትበት የቆዳ ከረጢት ነው። መጽሐፉ በማኅደሩ ተከትቶ ከግድግዳ ይሰቀላል፤ ሲፈለግም እንዳለ ይወጣል። ለኮምፒዩተሩ ይህ ስም የተስማማ ነው፤ ያስቀመጥንበትን ፊደል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይመልስልናልና።

ችግሩ ተማሪዎቻችን የራሳቸውን አእምሮ እንደ ማኅደር መቍጠራቸው ነው። ትምህርት ማለት መክተት፣ ማስታወስ ማለት ማውጣት፣ መርሳት ማለት ከረጢቱ መቀደዱ ይመስላቸዋል። የሰው አእምሮ ግን እንዲህ አይሠራም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ሰው አንድ ተረት ሰምቶ ከቆየ በኋላ ሲያወራው እንደ ሰማው አይደግመውም፤ ከራሱ ልማድና ግምት ጋር አስማምቶ እንደ ገና ይሠራዋል። እንግዲህ ኮምፒዩተር በራሱ ተፈጥሮ የሰው አእምሮ ምሳሌ ሊሆን አይችልም። ይህን ካልሁ በኋላ ኮምፒዩተር ለዚህ ትምህርት ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ ነው ብል የምቃረን ይመስል ይሆናል። ነገሩ የሚፈታው ማስመሰያ ምን እንደ ሆነ ስንረዳ ነው።

ማስመሰያ ማለት ምን ማለት ነው?

ሲሙሌሽን የሚባለውን በዚህ ንግግር ውስጥ “ማስመሰያ” ብዬ እጠራዋለሁ። ማስመሰል የሚለው ቃል በአማርኛችን ጥቂት የማታለል ጠረን እንዳለው አውቃለሁ። መሐንዲስ ግን የሚያስመስለው ለማታለል አይደለም። ግድብ ከመሠራቱ በፊት የውኃው አፈሳሰስ በስሌት ይታያል፤ ድልድዩ ከመቆሙ በፊት ጭነቱ በወረቀት ላይ ይጫናል። ማስመሰያ ማለት የአንድን ነገር አሠራር ጥቂት ግልጽ በሆኑ ሕጎች ገልጾ፣ ሕጎቹ ወዴት እንደሚያመሩ ደጋግሞ መሞከር ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ራሱ አእምሮን አይመስልም፤ አእምሮን የሚመስሉት በውስጡ የምንጽፋቸው ሕጎች ናቸው።

ይህን ነገር ከሁሉ አጥርተው የጠየቁኝ አንድ የአብነት መምህር ናቸው። በጎንደር ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ተቀምጠን ስለዚሁ ሥራዬ ባጫወትኋቸው ጊዜ፣ “ልጄ፣ ይህ መሣሪያህ ይረሳል?” አሉኝ። “አይረሳም፣ የኔታ” አልሁ። “እንግዲያ መርሳትን ምን ብሎ ያስተምራል?” አሉኝ። በጊዜው የሰጠሁት መልስ እኔንም አላረካኝም። ኋላ ግን ጥያቄያቸው ራሱ መልሱን እንደ ያዘ ተረዳሁ። መሣሪያው በራሱ ስለማይረሳ፣ እንዲረሳ ማዘዝ አለብን፤ እንዲረሳ ለማዘዝ ደግሞ መርሳት በምን ሕግ እንደሚሄድ ለይተን መጻፍ ግድ ይሆንብናል። ተማሪው የሚማረው እዚህ ላይ ነው። “እንረሳለን” ማለት ቀላል ነው፤ “በስንት ጊዜ፣ ምን ያህል፣ ከየትኛው ይልቅ የትኛውን?” ተብሎ ሲጠየቅ ግን ማሰብ ይጀምራል።

አራቱ ተማሪዎችና ገበጣው

የመጀመሪያው ማስመሰያ የተመሠረተው ሪቻርድ አትኪንሰንና ሪቻርድ ሺፍሪን እ.ኤ.አ. በ1968 ባቀረቡት አስተሳሰብ ላይ ነው። በእነርሱ አባባል የሰማነው ነገር በመጀመሪያ ጥቂት ነገር ብቻ በሚይዝ የአጭር ጊዜ ማቆያ ውስጥ ያልፋል፤ በዚያ በቆየና በተደጋገመ ቍጥርም ወደ ረጅም ጊዜ መያዣ ይሸጋገራል። የዚህ የአጭር ጊዜ ማቆያ መጠን ምን ያህል ነው? ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት፣ ሁለት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ፣ ብሎ ነበር። ኔልሰን ካወን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት ደግሞ ወደ አራት ዝቅ አድርጎታል። እኛም አራትን ይዘን እንሄዳለን።

ይህን ማስመሰያ ለአንደኛ ጊዜ ያሳየሁት በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ በደባርቅ አካባቢ ለሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበር። ፕሮግራሙን ከፍቼ ማስረዳት እንደ ጀመርሁ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑም ባትሪ ያረጀ ስለ ነበረ ብዙ አልቆየም። ተማሪዎቹ ሊበተኑ ሲሉ ከመካከላቸው አንዲት ልጅ፣ “ጋሼ፣ ሕጉን ካወቅነው እኛው ብንሠራውስ?” አለችኝ። ከመንደር ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣና አንድ እፍኝ ሽምብራ መጣ። ያን ቀን የተደረገውን እንዳለ አቀርብላችኋለሁ፤ ማንም መምህር በማንኛውም ክፍል ሊደግመው ይችላልና።

16 ቃላት በ16 ወረቀት ላይ ይጻፋሉ። ገበጣው 18 ጉድጓድ ስላለው፣ 16ቱ ጉድጓዶች ለ16ቱ ቃላት የረጅም ጊዜ መያዣ ይሆናሉ፤ ሁለቱ ባዶ ይቀራሉ። አራት ተማሪዎች ከፊት ይቆማሉ፤ እነዚህ የአጭር ጊዜው ማቆያ ናቸው። ቃል በተነበበ ቍጥር ወረቀቱ ለአንዱ ቋሚ ይሰጣል። አራቱም ወረቀት ከያዙ በኋላ አዲስ ቃል ሲመጣ ከአራቱ አንዱ በዕጣ ይለያል፤ የያዘውን ጥሎ አዲሱን ይቀበላል። ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ ወረቀት የያዘ ተማሪ ሁሉ በያዘው ቃል ጉድጓድ አንድ ሽምብራ ይጨምራል። ይህ በልብ መደጋገምን ይወክላል። 16ቱ ቃላት ሲያልቁ የሽምብራው ጠቅላላ ድምር 58 መሆን አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ንባቦች 1፣ 2 እና 3፣ በቀሩት 13 ንባቦች ደግሞ አራት አራት ይጨመራልና። ድምሩ ከዚህ ከተለየ አንድ ሰው ተሳስቷል ማለት ነው።

አሁን ጉድጓዶቹን እንመልከት። ጨዋታው ብዙ ጊዜ ቢደጋገም የመጀመሪያው ቃል በአማካይ 7 ያህል፣ ሁለተኛው 6፣ ሦስተኛው 5፣ አራተኛውና ከእርሱ የሚቀጥሉት 4 ያህል ሽምብራ ያገኛሉ። የመጨረሻው ቃል ያለው አንድ ብቻ ነው። የፊተኞቹ ቃላት ለምን በለጡ? በራሳቸው የተለየ ክብር ስላላቸው አይደለም፤ ማቆያው ገና ባልሞላበት ጊዜ ስለ ደረሱ የሚያስወጣቸው አልነበረም። የኋለኞቹስ ቃላት? ሽምብራቸው ጥቂት ቢሆንም ወረቀታቸው ገና በቋሚዎቹ እጅ ነው፤ ወዲያው ብንጠይቅ ይገኛሉ። ስለዚህ ከዝርዝር ውስጥ መጀመሪያውና መጨረሻው ይታወሳል፤ መካከሉ ይጠፋል። ቤኔት ማርዶክ እ.ኤ.አ. በ1962 በሰዎች ላይ ባደረገው ሙከራ ያገኘው ቅርጽ ይህንኑ የሚመስል ነው።

ቀጥለን ቋሚዎቹ ወረቀታቸውን ጥለው ወደ ኋላ ቍጥር እንዲቈጥሩ እናደርጋለን። ያን ጊዜ የሚቀረው ገበጣው ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ ቃላት ብልጫቸውን ያጣሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ግን እንደ በለጡ ይቆያሉ። ግላንዘርና ኩኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1966 ሰዎችን ለ30 ሴኮንድ ቍጥር አስቈጥረው ያዩት ይህን ነበር።

ታዲያ ገበጣው ከበቃ ኮምፒዩተሩ ለምን አስፈለገ? ያን ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስንጫወት ውጤቱ የተዘበራረቀ ነበር፤ ዕጣው አንዱን መካከለኛ ቃል አክርሞት ከመጀመሪያው እኩል ሽምብራ ሰብስቦ ነበር። ተማሪዎቹም ሕጉ የተሳሳተ መሰላቸው። መብራቱ ከመጣ በኋላ ይህንኑ ጨዋታ ኮምፒዩተሩ 1000 ጊዜ ተጫወተው፤ አማካዩም እንደ ነገርኋችሁ ወጣ። እጅ ሕጉን ያስጨብጣል፤ መሣሪያው ደግሞ ከዕጣ ግርግር በስተኋላ ያለውን ሥርዓት ያሳያል። ሁለቱ ሲደጋገፉ ትምህርቱ ይሟላል።

የመርሳት መሥመር

ሁለተኛው ማስመሰያ ስለ መርሳት ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው በራሱ ላይ ያደረገውን ሙከራ ገልጿል። ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት በቃሉ ይይዝና፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንደ ገና ሲያጠናቸው ከመጀመሪያው ምን ያህል ጊዜ እንደ ቈጠበ ይለካ ነበር። ቍጠባው ከ20 ደቂቃ በኋላ 58.2 ከመቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44.2፣ ከአንድ ቀን በኋላ 33.7፣ ከስድስት ቀን በኋላ 25.4፣ ከ31 ቀን በኋላ 21.1 ከመቶ ሆኖ አገኘው።

ተማሪው በመጀመሪያ የሚጽፈው ሕግ ለመሐንዲስ የታወቀው ነው፤ የቀረው መጠን በእኩል ጊዜ በእኩል ከመቶ ይቀንሳል። አንድ ቀንን እንደ መለኪያ ወስደን ብናሰላ ከአንድ ቀን በኋላ የሚቀረው 36.8 ከመቶ ይሆናል። ከኤቢንግሃውስ 33.7 ጋር ሲነጻጸር የተቀራረበ ነው፤ ተማሪውም ደስ ይለዋል። ከስድስት ቀን በኋላ ግን ሕጉ የሚሰጠው 0.25 ከመቶ ብቻ ሲሆን፣ የሰው ቍጠባ 25.4 ነው። መቶ እጥፍ ተሳስቷል። ሕጉ የፈረሰበት ተማሪ በዚህ ጊዜ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ አጥብቆ የሚይዘውን ነገር ይማራል። መርሳት በመጀመሪያ ፈጣን ነው፤ እየቆየ ግን እየዘገመ ይሄዳል፤ ከተረሳውም ውስጥ የሚቀር ነገር አለ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድንቆም እለምናለሁ። በክልላችን ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ የሰሜን ጎንደርን ወረዳዎች ጎድቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ወራትና ዓመታት አልፈው ወደ ክፍል የተመለሰ ተማሪ፣ “ሁሉም ጠፍቶብኛል፤ አእምሮዬ ደንዝዟል” ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መምህሩም ባዶ ሰሌዳ የተረከበ ይመስለዋል። የኤቢንግሃውስ መለኪያ ግን ማስታወስን የሚመዝነው በመልስ ብዛት አይደለም፤ ዳግመኛ በመማር ቅለት ነው። አንድም መልስ ማውጣት ያቃተው ተማሪ ያንኑ ትምህርት እንደ ገና ሲጀምረው ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ሊጨርሰው ይችላል። ይህን ለተማሪው በመሥመር ሥሎ ማሳየት የማጽናኛ ቃል ከመናገር ይበልጣል።

ሦስተኛው እርምጃ ክለሳን መጨመር ነው። በማስመሰያችን ውስጥ እያንዳንዱ ክለሳ ትምህርቱን ያጠነክራል፤ ማጠንከሩ ግን ሊረሳ በተቃረበ መጠን የበለጠ እንዲሆን አዘዝን። አንዱ ተማሪ አራት ጊዜ በአንድ ሌሊት ያጠናል፤ ሌላው በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ ከ1፣ ከ3 እና ከ7 ቀን በኋላ ያጠናል። ሁለቱም ከመጨረሻው ጥናት ሳምንት ቆይተው ሲጠየቁ የመጀመሪያው ከ1 ከመቶ በታች፣ ሁለተኛው 51 ከመቶ ይዞ ይገኛል። እነዚህ ቍጥሮች እኔ ከመረጥሁት ሕግ የወጡ እንጂ ከሰው የተለኩ አይደሉም፤ ለሽምደዳም እጅግ የጨከኑ ናቸው። አቅጣጫቸው ግን በሰዎች ላይ ከታየው ጋር ይስማማል።

ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንዱ ወገን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ፤ ሌላው ያነበበውን ሳያይ ከልቡ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋሚ አንባቢዎቹ 81 ከመቶ፣ ከልብ ጸሐፊዎቹ 75 ከመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ ወደ 42 ሲወርዱ ጸሐፊዎቹ 56 ከመቶ ላይ ነበሩ። ሽምደዳ የሚያታልለን በዚያች 5 ደቂቃ ነው።

ከፊሉ ሙሉውን ሲጠራ

የመጨረሻው ማስመሰያ የጆን ሆፕፊልድ ነው። ይህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረበው የነርቭ መረብ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጄፍሪ ሂንተን ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። አሠራሩን ለማሳየት በአሥር ረድፍና በአሥር ዐምድ 100 ነጥቦችን እንደረድራለን፤ እያንዳንዱ ነጥብ ይበራል ወይም ይጠፋል። በእነዚህ ነጥቦች የፊደል ቅርጽ እንሥላለን። ሁለት ነጥቦች አብረው ሲበሩ ወይም አብረው ሲጠፉ ግንኙነታቸው ይጠነክራል፤ ሲለያዩ ይላላል። ይህ አስተሳሰብ ዶናልድ ሄብ እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ነርቭ ሕዋሳት ከጻፈው ጋር ይዛመዳል። በ100 ነጥቦች መካከል 4950 ግንኙነቶች አሉ፤ ፊደሎቹ የሚያዙት በእነዚህ ሁሉ ላይ ተበትነው ነው።

ቅርጻቸው የተራራቀ ጥቂት ፊደላትን ካስተማርነው በኋላ አንዱን ፊደል ጥቂት ነጥቦቹን አጥፍተን፣ ውኃ እንደ ነካው ብራና አደብዝዘን እንሰጠዋለን። መረቡ የጐደለውን ሞልቶ ሙሉውን ፊደል ያወጣል። ከግንኙነቶቹ ጥቂቱን በዕጣ ብንቈርጥ አንድ ፊደል ብቻ ተለይቶ አይጠፋም፤ ሁሉም በጥቂቱ ይዳከማሉ። ማኅደርና አእምሮ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ወሰንም አለው። በዕጣ የተሠሩ ቅርጾችን ብንሰጠው እንኳ መያዝ የሚችለው ከነጥቦቹ ብዛት 14 ከመቶ ያህል፣ ማለት ወደ 14 ቅርጽ ነው። “ሰ”ንና “ሸ”ን አንድ ላይ ብናስተምረው ደግሞ እየቀላቀለ ከሁለቱም ያልሆነ ፊደል ሊያወጣ ይችላል። ፊደል የሚቈጥር ሕፃንም የሚሳሳተው በሚመሳሰሉት ላይ ነው። ይህን ያየ መምህር የሚመሳሰሉ ነገሮችን በአንድ ቀን አጣብቆ ከማስተማሩ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

የአብነት ትምህርት ቤት ምስክርነት

ይህን ሁሉ የተናገርሁት የውጭ አገር ሊቃውንትን ስም እየጠራሁ ነው። ይሁን እንጂ የምንኖርባት ጎንደር ስለ ማስታወስ ከማንም የምትማር ብቻ አይደለችም። ጎንደር በዓታ የአቋቋም ምስክር ቤት ነው፤ በጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ብዙ ዓመት የሚፈጅ ትምህርት በቃሉ ይይዛል። ይህን ተራ ሽምደዳ ብለን ከመናቃችን በፊት ሥርዓቱን እንመልከት።

በንባብ ቤት የቃል ትምህርት የሚሰጠው በምሽት ነው። መጽሐፍ የሚያሳይ ብርሃን ስለሌለ ተማሪው ከልቡ ማውጣት ግዴታው ነው፤ ሮዲገርና ካርፒክ ከልብ ጻፉ ያሏቸው ተማሪዎች ያደረጉትን ነው። ትልቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ሲያስተምር ራሱም ይከልሳል። የዳዊት 150 መዝሙራት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለየዕለቱ ተከፍለዋል፤ በዚህ ሥርዓት የሚጸልይ ሰው እያንዳንዱን መዝሙር በሳምንቱ ያገኘዋል። ክፍፍሉ የተደረገው ለጸሎት እንጂ ለማስታወስ ሙከራ አይደለም፤ ውጤቱ ግን እየተራራቀ የሚመጣ ክለሳ ነው። ቋንቋችንም “ዳዊት አነበበ” ከማለት ይልቅ “ዳዊት ደገመ” ይላል።

የዜማውን ምልክት ደግሞ ተመልከቱ። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት የሚነገርለት ይህ ምልክት ከቃሉ በላይ የሚጻፉ ጥቃቅን ፊደላት አሉት። ፊደላቱ ዜማውን በሙሉ አይጽፉትም፤ ቀድሞ በልብ የተያዘውን ስልት ያስታውሳሉ እንጂ። ከፊሉ ሙሉውን ይጠራል። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” የሚለው ተረታችን እውነት ነው፤ ነገር ግን የዜማ ሊቃውንቱ ሁለቱን አጋብተው፣ ጽሑፉን የቃል መቀስቀሻ አድርገውታል።

ስለ ወሰኑ

ማስመሰያ የሚያሳየው ሕጎቹ የተጻፉበትን ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታ ከአንጎሉ ክፍል በቀዶ ሕክምና ተወሰደለት። ከዚያ በኋላ ያየውን ሰውና ያደረገውን ነገር ሊያስታውስ አልቻለም። ብሬንዳ ሚልነር ግን በመስተዋት እያየ ቅርጽ መሣልን በተደጋጋሚ ልምምድ እንደ ተማረ አሳየች፤ መለማመዱን ሳያስታውስ እጁ እየተካነ ሄደ። የእኛ ገበጣ አንድ ዓይነት የረጅም ጊዜ መያዣ ብቻ ስላለው ይህን ሊያስረዳ አይችልም። ረኃብ፣ ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣትም በፕሮግራማችን ውስጥ የሉም፤ በተማሪዎቻችን ሕይወት ውስጥ ግን አሉ። መምህሩ ይህን ለተማሪው በግልጽ መንገር አለበት።

ምን እናድርግ?

ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እነዚህን ማስመሰያዎች በአማርኛ አዘጋጅተን፣ በተራ የስሌት ሰንጠረዥም በፓይተን ቋንቋም ጽፈን፣ ለመምህራን በነፃ እንስጥ። መብራት ለማይደርስበት ክፍል የገበጣው ጨዋታ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይሰራጭ። ሁለተኛ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጎንደር የጤና ትምህርት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲቋቋም ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እያወጣ በሥራ ላይ ማስተማርን ልማድ አድርጎ ነበር። እኛም በዓመት ጥቂት ቅዳሜዎችን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብንሰጥ የዚያን ልማድ ዱካ እንከተላለን። ሦስተኛ፣ ሥራችንን እንለካ። ማስመሰያውን ያዩና ያላዩ ክፍሎችን፣ ወዲያው ብቻ ሳይሆን ከአንድ ወር በኋላም እንፈትን። ወዲያው ብቻ ከለካን ያችው 5 ደቂቃ እኛንም ታታልለናለች። ጥቅም ከሌለውም ጥቅም የለውም ብለን ለዚሁ ጉባኤ ሪፖርት እናቅርብ።

ያቺ የደባርቋ ተማሪ በጨዋታው ፍጻሜ ሽምብራውን እየሰበሰበች፣ “እንግዲያ መርሳቴ ሰነፍ ስለ ሆንሁ አይደለም ማለት ነው” አለችኝ። እኔም፣ “አይደለም፤ መርሳት የሁላችንም ሕግ ነው፤ ሕጉን አውቆ አለመከለስ ግን ስንፍና ነው” አልኋት። ሣቀችና ቃላቱን ገበጣውን ሳታይ ከልቧ መጥራት ጀመረች። ከ16ቱ ስንቱን እንዳስታወሰች አልቈጠርሁም። የረሳቻቸውን ለማግኘት ወረቀቱን ለማየት አለመቸኰሏ ግን ትምህርቱ እንደ ገባት አስረድቶኛል።